ካልቸር የማይይዘው የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን

ባርቶኔላ ኩዊንታና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ያሠቃየው የምሽግ ትኩሳት መንስኤ ነው። ይህ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ባክቴሪያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲያትልና በማርሴይ መጠለያ አልባ ሰዎች የልብ ቫልቭ ላይ ተገኝቷል። እድገቱ እጅግ ዝግተኛ በመሆኑ፣ ለ5 ቀናት የሚቆየው የተለመደ የደም ካልቸር ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያውን አያሳይም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ኩላሊት ላይ የሚያስከትለው ችግር ነው። ኢንፌክሽኑ የኩላሊትን ማጣሪያዎች ያስቆጣል፤ ራስን በሚያጠቃ የደም ሥር ብግነት የሚታዩ አንቲቦዲዎችንም በደም ውስጥ ሊያስገኝ ይችላል። በዚህ የተሳሳተ ሐኪም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት ቢያዝ፣ ጥቅሙ ለባክቴሪያው ይሆናል። ምርመራው ትክክል ቢሆንም እንኳ ሕክምናው ቀላል አይደለም፤ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ሲመከር የቆየው ጄንታማይሲን ራሱ ኩላሊትን ይጎዳልና።

በ2023 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው የዱክ መስፈርት 1፡800 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የባርቶኔላ አይጂጂ መጠንን ከዋና መመዘኛዎች አንዱ አድርጎታል። በቀዶ ሕክምና የወጣ ቫልቭ ላይ ፒሲአር ማድረግም ይቻላል። በኢትዮጵያ ከሰዎች በተሰበሰቡ ቅማሎች ውስጥ ባክቴሪያው መገኘቱ በጥናት ተመዝግቧል። ስለዚህ የቫልቭ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ታካሚ ካልቸሩ አሉታዊ ሲሆን፣ ስለ መኖሪያውና ስለ ቅማል መጠየቅ ላቦራቶሪ የማይጠይቅ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።