«ባለፈው ብርድ ካልወደቀ አንቴናህ ትንሽ ነው»፦ የራዲዮ ወዳጆች ቀልድና ከሥሩ ያለው ቁም ነገር

«መጣ?»
«አልመጣም!»
«አሁንስ?»
«መጥቶ ነበር፣ ሄደ! ትንሽ ወደ ግራ መልሰው!»

ይህን ጩኸት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያዞራል፤ ሌላዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ወሬ ታቀብላለች፤ ቤት ውስጥ ያሉት ደግሞ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው ይጮኻሉ። ሥዕሉ ጥርት ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ተወው! እንዳትነካው!» ይላል። ጣሪያ ላይ ያለው ሰው እጁን ሲያነሳ ሥዕሉ ተመልሶ ይጠፋል።

ይህንኑ ሥራ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሳይከፈላቸውም፣ ዕድሜ ልካቸውን በደስታ የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። የአማተር ራዲዮ ሰዎች ይባላሉ፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ «ሃም» ይባባላሉ። ፈተና አልፈው ከመንግሥታቸው ፈቃድ ያወጣሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ማሰራጫና መቀበያ ይተክላሉ፣ ጣሪያና ዛፍ ላይ አንቴና ይዘረጋሉ። ከዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር አገርና ባሕር አቋርጠው ያወራሉ። ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነው፤ ትርፉ ወዳጅነትና ዕውቀት ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ሃም በአየር ላይ የሚታወቅበት መጠሪያ አለው፤ ከመጠሪያው መነሻ አገሩ ይታወቃል። የኢትዮጵያ «ኢቲ» ነው፣ የኩዌት «9ኬ»፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ «ኤ6»። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ «ኢቲ3ኤኤ» የተባለ የክበብ ጣቢያ አለ። በዚህ በእኛ ሰፈርም ጨዋታው የተከበረ ነው። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን «ጄዋይ1»፣ የኦማኑ ሱልጣን ቃቡስ ደግሞ «ኤ41ኤኤ» በሚል መጠሪያ የሚታወቁ ሃሞች ነበሩ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ብርድ ሲመጣ የሚቀባበሏቸው ቀልዶች አሏቸው። አብዛኞቹ ቀልዶች በምክር መልክ የሚነገሩ ናቸው። አዲስ የገባው ሰው የቱ ምክር፣ የቱ ፌዝ እንደሆነ መለየት አለበት። ቀልዱን የወለደው ወቅት የእኛ ክረምት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ይታየናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ነገሩ በረዶ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዛፉንም ጣሪያውንም ሽቦውንም የሚያለብስ በረዶ።

ዘይቱን ቀየርክ ወይ?

አንዱ ቀልድ ከመኪና የተወሰደ ነው። መኪና ብርድ ሳይመጣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ራዲያተሩ ውስጥም በረዶ መከላከያ ይጨመራል። ነባሩ ሃም ፊቱን ሳይፈታ አዲሱን «የአንቴናህን ገመድ ውኃ አፍስሰህ በረዶ መከላከያ ሞልተሃል ወይ?» ይለዋል። ገመድ ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። አዲሱ ግን አፍሮ «ገና ነኝ» ይላል፤ ያኔ ሳቁ ይፈነዳል።

የዚህ ዓይነት ቀልድ ዕድሜው ረጅም ነው። ድሮ ራዲዮ በመስታወት አምፖል በሚሠራበት ዘመን፣ ውስጡ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ «የግሪድ ማፍሰሻ» የሆነ ዕቃ ነበረ። የሚያፈሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ነባሮቹ ግን አዲሱን ልጅ «ከሥሩ የሚቀመጠውን የጠብታ ሳህን ገዝተህ ና» ብለው ሱቅ ይልኩት ነበር። የአሜሪካ የራዲዮ አማተሮች ማኅበር ከ1915 ጀምሮ የሚያወጣው መጽሔትም ቢሆን በአፕሪል እትሞቹ ላይ በምናብ በተፈጠረ ጸሐፊ ስም የውሸት ፈጠራዎችን ያትም ነበር።

ነገር ግን የገመዱ ቀልድ ሥር አለው፤ ውኃ እውነትም ገመድ ውስጥ ይገባል። የአንቴና ገመድ መጋጠሚያው ላይ በደንብ ካልታሸገ ዝናቡና ጤዛው በቀጭን ቀዳዳ ሰርጎ የውስጡን መዳብ ያዝገዋል፤ ድምፁም ቀስ በቀስ ይሞታል። ስለዚህ መጋጠሚያው እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር ይጠቀለላል። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ቆልመም ተደርጎ ይታሰራል። ውኃው በገመዱ ላይ ወርዶ ከቆልማማው ጫፍ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ግድግዳው አይገባም። ይህ ቆልማማ በባሕረ ሰላጤው የነሐሴ ወበቅ ለዲሽ ገመድም ይሠራል።

ትልቁ አንቴና ይወድቃል

በጣም የታወቀው ቀልድ ግን በርዕሱ ላይ ያነበባችሁት ነው፦ «አንቴናህ ባለፈው ብርድ ካልወደቀ፣ በቂ ትልቅ አልነበረም ማለት ነው።» ሰውዬው ወድቆበት ሲያዝን ጓደኞቹ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይሉታል።

የሚጥለው ክብደት ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 40 ሜትር ቢዘረጋ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲለብስ ግን በረዶው ብቻ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሽቦው ከራሱ ክብደት 12 እጥፍ ተሸክሞ ነፋስ ሲመታው ይበጠሳል። መፍትሔው ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት አለመወጠር ነው። አንዳንዶች የሽቦውን ጫፍ በገመድ አስረው ገመዱን በመዘውር ያሳልፉና ድንጋይ የሞላ ባልዲ ያንጠለጥሉበታል። ዛፉ ሲወዛወዝ ባልዲው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሽቦው ይተርፋል።

ሌላው ቀልድ «በጠራ ፀሐይ የተሰቀለ አንቴና አይሠራም፤ በበረዶ ውሽንፍር የተሰቀለ ነው የሚሠራው» ይላል። ይህ ስንፍናን የሚነካ ነው። በሞቃቱ ወር «ነገ እሰቅላለሁ» እያለ የከረመ ሰው፣ ብርዱ ሲገባ ጓንት አድርጎ እየተንቀጠቀጠ መሰላል ላይ ይገኛል። ብርዱን ጠብቆ የሚጣደፍበትም ምክንያት አለ። ረጃጅሞቹ የራዲዮ ሞገዶች ቀን ቀን በሰማይ ዝቅተኛ ንብርብር ይዋጣሉ፤ ሌሊት ያ ንብርብር ሲጠፋ ከላይኛው ተመልሰው ሩቅ አገር ይደርሳሉ። አባቶቻችን የሩቅ ጣቢያ ማታ ማታ ጥርት ብሎ ይሰማቸው የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በብርድ ወራት ደግሞ ሌሊቱ ይረዝማል፣ የመብረቅ ጩኸትም ይቀንሳል። የሃሞች ትልቁ ድግስ ያኔ ነው።

አንድ ምክር ግን አዲሶችን ሁሌም ያሳስታል፦ «ዲሽህን የምግብ ዘይት ቀባው።» አዲሱ ሰው «አሁንስ ነቃሁባችሁ!» ብሎ ይስቃል። የሚገርመው፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። በበረዶ አገር መጥበሻ ላይ የሚረጨውን የዘይት ስፕሬይ ዲሽ ላይ የሚረጩ ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ እርጥብ በረዶ እንዳይጣበቅ ለጥቂት ጊዜ ይረዳል። በዚህ አገር አቧራ ግን እንዳትሞክሩት፤ ዘይቱ አሸዋውን ሰብስቦ ዲሹን እንደ ቆሎ ምጣድ ያጠቁረዋል።

ቀልዱ የሚቆምበት ቦታ

እነዚህ ሰዎች በሁሉም ነገር ይቀልዳሉ፤ በሦስት ነገር ግን አይቀልዱም። በረዶ ባለበት ወደ ላይ አይወጣም። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አንቴና አይሰቀልም። ከታች የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ብቻ መሰላል አይረገጥም። ስለ ገመዱ ውኃ ሲያሾፍበት የዋለው ነባር ሰው፣ አዲሱ መሰላል ሲያነሳ ሳቁን አቁሞ እግሩን ይይዝለታል። ሃሞች እንዲህ ዓይነቱን አስተማሪ «ኤልመር» ይሉታል።

ምክንያቱም የሚወድቀው ነገር የምር ይወድቃል። በእንግሊዝ አገር ዮርክሸር ውስጥ፣ ኤምሊ ሙር በተባለ ቦታ 385 ሜትር የሚረዝም የቴሌቪዥን ማሰራጫ ምሰሶ ነበረ። በመጋቢት 1969 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በረዶ ከባድ አድርጎ ለብሶት ሳለ ተሰብሮ ወደቀ። ከፊሉ አንዲት የጸሎት ቤት ላይ ቢያርፍም ደግነቱ ሰው አልሞተም። በጥር 1998 ደግሞ በካናዳ ምሥራቃዊ ክፍል በረዷማ ዝናብ ለቀናት ዘንቦ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ሰባበረ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በብርድ መካከል ጨለማ ውስጥ ገባ። በዚያ ጊዜ መልእክት ሲያቀባብሉ ከነበሩት መካከል እነዚሁ በወደቀ አንቴና የሚሳሳቁት ሃሞች ነበሩበት። ባትሪና አንድ ሽቦ ብቻ ይዘው መሥራትን ለዓመታት በጨዋታ ተለማምደውታልና።

ወደ እኛ ጣሪያ

ባሕረ ሰላጤው በረዶ የለውም። የሚያስቸግረው የባሕሩ ጨው፣ ወበቁ፣ አሸዋውና የሸማል ነፋስ ነው። ጨው መጋጠሚያ ያዝጋል፤ ነፋስ ዲሽ ያጣምማል። እዚህ ያሉ ሃሞችም ከዲሽ ጋር ወዳጅነት አላቸው። በኅዳር 2018 የመጠቀችው ሱሃይል 2 የተባለች የኳታር ሳተላይት ለአማተሮች የተሰጠ ክፍል ይዛለች። 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ቦታ እንደቆመች ስለምትታይ፣ ጣሪያ ላይ እንደምታዩት ያለ ዲሽ ወደ እሷ ያዞረ ሃም ከብራዚል እስከ ታይላንድ ድረስ ማውራት ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ እናንተም አንድ ቃል። ብዙዎቻችሁ ነባር እህት የቀለደችባችሁን ታስታውሳላችሁ፤ የተሳሳተ ዓረብኛ አስጠንታችሁ ማዳም ፊት ያሳፈረቻችሁ፣ ኋላ ግን ሌሊት ቁጭ ብላ ትክክለኛውን ያስተማረቻችሁ። እሷ ኤልመራችሁ ናት። ደህና ቀልድ ሳቅ ይዞ ያልፋል፤ ጉዳት ያለበት ቦታ ሲደርስ ቀልደኛው ራሱ ያቆመዋል። ሕይወትን የሚነካ ነገር ላይ ሳይቀር ቀልዱን የማያቆም ሰው ግን ወዳጅ አይደለም፤ ምክሩም ምክር አይደለም።

ዲሹ በነፋስ ተጣሞ «ውጪና አስተካክይው» ብትባሉም የሃሞቹን ሦስት ሕጎች አስቡ፦ ነፋስና እርጥበት ካለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከቀረበ፣ ወይም ብቻችሁን ከሆናችሁ አትውጡ። መከላከያ በሌለው ጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ሥራ የባለሙያ ነው። በትሕትና «ሃዳ ሹግል ፈኒ»፣ ማለትም «ይሄ የቴክኒሻን ሥራ ነው» ማለት ይቻላል። «ኸጠር»፣ ማለትም «አደጋ አለው» የሚለውም ቃል በሁሉም ቤት ይገባል። አንድ ምሽት ድራማ ቢያልፍ ነገ ይደገማል።

ሃሞች ንግግራቸውን ሲጨርሱ «ቻው» አይሉም፤ «73» ብለው ይሰነባበታሉ። ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ ቁጥር ነው፤ «መልካም ምኞቴ ይድረስህ» ማለት ነው። ለሚወዱት ሰው ደግሞ «88» ይላሉ፤ ፍቅርና መሳም ማለት ነው። ከእንግዲህ ለእናታችሁ ስትደውሉ ስልኩ ከመቆረጡ በፊት «88» በሏት። «ምን ማለት ነው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ስታስረዷት ደግሞ ወሬው ትንሽ ይረዝማል።

ለእናንተ ደግሞ፣ 73።