«ኢኮ» የሚለውን ታፔላ ማን ይፈትሻል?

የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ትንሽ ካርድ ተለጥፏል፦ ፎጣዎን መስቀያው ላይ ከመለሱት አናጥበውም፣ ተፈጥሮን አብረን እንጠብቅ ይላል። ይሁን፤ ውኃም ሳሙናም ይቆጠባል። ፍሳሹ ወዴት እንደሚለቀቅ፣ የሠፈሩ ልጅ ከጥበቃና ከጽዳት ያለፈ ሥራ ያገኝ እንደሆነ ግን ካርዱ ትንፍሽ አይልም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በእንግዳው ፈንታ እንዲጠየቅ ካደረጉት ተቋማት አንዱ ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት፣ በምኅጻሩ ጂኤስቲሲ ነው። መስፈርቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ወጡ፤ ምክር ቤቱ ራሱ በ2010 ተቋቋመ። የሚመዝነው አስተዳደርን፣ የአካባቢውን ሕዝብ ጥቅም፣ ባህልንና ተፈጥሮን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ምክር ቤቱ ለአንድም ሆቴል የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ሆቴሉን ሄደው የሚፈትሹት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱም እኩል አይታመኑም። የአንዳንዶቹ መመዘኛ ከምክር ቤቱ መስፈርት ጋር እንደሚስማማ ዕውቅና አግኝቷል፤ ይህ የሚናገረው ስለ መመዘኛው ጽሑፍ ብቻ ነው። አክሬዲቴሽን ያላቸው ግን የፍተሻ አሠራራቸው ጭምር በገለልተኛ አካል ተመርምሯል። «የጂኤስቲሲ አባል ነን» የሚል ሆቴል ደግሞ በአባልነቱ ብቻ የተፈተሸ አይደለም። ስለዚህ አርማ ስታዩ ማን እንደሰጠውና መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ፤ ከዚያ የሆቴሉን ስም በሰጪው ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ከሌለ አርማው ጌጥ ነው።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡኪንግ ዶት ኮም ለማረፊያዎች ራሱ ይሰጠው የነበረውን የዘላቂነት ደረጃ፣ የኔዘርላንድስ የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣን አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ከገለጸ በኋላ በ2024 አንሥቶታል። የአውሮፓ ኅብረትም ያለ ማስረጃ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ ማስተዋወቅን የሚከለክል መመሪያ በዚያው ዓመት አጽድቋል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ነው።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ደግሞ ከፎጣው ይልቅ አውሮፕላኑ ይከብዳል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአንድን በረራ ልቀት የሚያሰላ ማስያ በነጻ ያቀርባል፤ ከአየር መንገድ ማስታወቂያ እሱን አስቀድማለሁ።

የምስክር ወረቀት ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ትንንሾቹን ማረፊያዎች ወረቀቱ ስለሌላቸው ብቻ መጣል የለብንም። ለምሳሌ መንዝ ውስጥ የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር እስኪያገግም ሜዳው በተከታታይ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም አይፈቀድም ነበር። በደርግ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ጥበቃው በኋላ በማኅበረሰቡ ኮሚቴ ተመልሷል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉ፤ ማኅበረሰቡም የራሱ ማረፊያ አለው። እንዲህ ላለው ቦታ ከየትኛውም አርማ ይልቅ የሚያስተማምነው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ የመግቢያና የአልጋ ክፍያው ለማን ገቢ ይሆናል? ደረሰኙን የሚቆርጠው ማን ነው? አስጎብኚው የሚመደበው በተራ ነው ወይስ በትውውቅ? ስልክ ደውሎ ይህን የጠየቀ ሰው በዚያው የመንገዱን ሰላምም ይጠይቅ፤ እሱን የሚነግር የምስክር ወረቀት የለም።