የመርከብ መጎተቻ ገመድ ለምን ይበጠሳል?

ከካልጋሪ እስከ ባሕር ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ አገራችን እኛም እዚህ ወደብ የለንም። ይሁንና ባሕር ላይ ነዳጅ የሚቆፍሩ ኩባንያዎች ቢሮ እዚሁ ስለሆነ የባሕሩ ጣጣ ከተማችን ድረስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ የተሠራው ኩሉክ የተባለው ክብ መቆፈሪያ መርከብ የመጀመሪያ ባለቤቱ፣ ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱ ካልጋሪ የነበረው ጋልፍ ካናዳ ነበር። በ2005 ሼል ገዛው። ራሱን የሚነዳበት ሞተር ስለሌለው ተጎትቶ ነው የሚሄደው። ዲሴምበር 27 ቀን 2012፣ አይቪክ የተባለች መርከብ ከአላስካ ወደ ሲያትል ስትጎትተው ማያያዣው ተለያየ።

ብዙ ሰው ገመድ የሚበጠሰው ጭነቱ ስለከበደ ይመስለዋል። በረጋ ባሕር ላይ ገመዱ የሚሸከመው የውኃውን ተቃውሞ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ማስላት አያስቸግርም። መከራው ማዕበሉ ነው፤ አንዷ መርከብ ወደፊት ስትወረወር ሌላዋ ወደኋላ ትቀራለች። ያን ጊዜ የሚያድነው የገመዱ መርገብ ነው።

እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 600 ሜትር፣ ውኃ ውስጥ ክብደቱ በሜትር 30 ኪሎ የሆነ የብረት ገመድ በ30 ቶን ቢጎተት፣ መሐሉ ላይ 45 ሜትር ያህል ወደታች ይረግባል። በዚህ መርገብ ውስጥ 9 ሜትር ያህል ትርፍ ርዝመት አለ። መርከቦቹ 7 ሜትር ቢራራቁ ውጥረቱ ወደ 60 ቶን ግድም ያድጋል፤ የቀረው ትርፍ ግን 2 ሜትር ብቻ ነው! ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማዕበል የሚያገኘው የተወጠረ ብረት ነው። ካልጋሪ በረዶ ላይ መኪና በሰንሰለት የጎተተ ሁሉ ያንን ድንገተኛ ንጥቂያ ያውቀዋል።

ስለዚህ አማካይ ውጥረት ብቻውን ያታልላል። መሐንዲሶች የማዕበሉን ትንበያ፣ የሁለቱን መርከቦች አነዋወጥና የገመዱን አረጋገብ አንድ ላይ አድርገው፣ ለምሳሌ በሦስት ሰዓት ማዕበል ውስጥ ሊመጣ የሚችለውን ከፍተኛውን ንጥቂያ ይገምታሉ። ከበዛ ገመዱን ማስረዘም፣ ፍጥነት መቀነስ፣ አለዚያም ጉዞውን መተው ነው።

ሦስተኛው ምክር ነው ለኩሉክ ያልተሰጠው። የአይቪክ የውጥረት ማስጠንቀቂያ ማያያዣው ከመለያየቱ በፊት ደጋግሞ ጮኾ ነበር። በክረምት ለመውጣት የተቸኮለውም፣ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በ2014 እንዳስታወቀው፣ በከፊል ከአላስካ ግብር ለመሸሽ ነው። 18ቱ ሠራተኞች በሄሊኮፕተር ተረፉ፤ መርከቡ ግን ዲሴምበር 31 ቀን ከደሴት ጋር ተላተመ። በ2013 ከአላስካ የወጣው ተጎትቶ ሳይሆን በሌላ ትልቅ መርከብ ጀርባ ተጭኖ ነው።