ከመኪና ላይ የሚሸጠው የፍራፍሬ ሳህንና የልጆቻችን ጤና

በሃዋይ ደሴቶች የባሕር ዳርቻ በአንድ ጎኑ መስኮት የተከፈተለት የምግብ መኪና ማየት የተለመደ ነው። ከዋና የወጡ ልጆችና ወላጆች በመስኮቱ ፊት ይሰለፋሉ። የሚታደላቸውም በጎድጓዳ ሳህን የቀረበ፣ በማንኪያ የሚበላ ቀዝቃዛና ወፍራም የፍሬ ጭማቂ ነው። በላዩም ሙዝ፣ እንጆሪና የተቆላ አጃ ይደረግበታል።

በእኛም አገር ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ላንጋኖ ሐይቅ የሚሄድ ቤተሰብ፣ ከሥራ መልስም ልጆቿን ይዛ ጭማቂ ቤት የምትገባ እናት፣ ተመሳሳይ ምርጫ ይገጥማቸዋል። ታዲያ አንድ ነገር ከፍራፍሬ ስለተሠራ ብቻ ለልጅ ይስማማልን?

ፍሬው ከየት መጣ?

የዚህ ሳህን ዋና ፍሬ አሳኢ ይባላል። በብራዚል ሰሜናዊ ክፍል፣ በአማዞን ወንዝ አካባቢ፣ ከ20 ሜትር በላይ ሊረዝም በሚችል ቀጭን የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ላይ ያፈራል። ለቃሚው እግሮቹን ከቅጠል በተሠራ ማሰሪያ አጣምሮ እስከ ጫፉ ይወጣል። የፍሬው አብዛኛው ክፍል ዘር ሲሆን የሚበላው በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

በቤሌም ከተማና በአካባቢዋ አሳኢ የብዙ ቤተሰብ የዘወትር ምግብ ነው። እዚያ ብዙውን ጊዜ ስኳር ሳይገባበት፣ ከካሳቫ ዱቄትና ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይቀርባል። ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ የባሕር ዳርቻዎች ሲደርስ ግን ሽሮፕና ሙዝ ተቀላቅሎበት እንደ ጣፋጭ ይበላ ጀመር። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ፍሬው በተፈጥሮው ስኳሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በሳህኑ የምናገኘው ጣዕም በአብዛኛው የመጣው ከተጨመረው ነገር ነው።

ስኳሩን እንመልከት

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ይህም ለአንድ ዐዋቂ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በዚህ ስሌት ማርና ሽሮፕ ብቻ ሳይሆኑ ከተጨመቀ ፍሬ የሚገኘው ስኳርም ይገባል። ሙሉው ፍሬ ግን አይገባም።

ስለዚህ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርበው የሚቀርቡበት ስፕሪሳችን በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት ጠባዩ ይለወጣል። «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ቀላል እርምጃ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ መክሯል።

ንጽሕናው

ሌላው ጉዳይ ንጽሕና ነው። በብራዚል ቻጋስ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ነፍሳት ከአሳኢ ፍሬ ጋር አብሮ በመጨመቁ ሰዎች ታመዋል፣ የሞቱም አሉ። በፓራ ክፍለ ሀገር ይህን ለመከላከል ፍሬውን ከመጭመቅ በፊት በ80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ10 ሰከንድ መንከር ታዟል።

ይህ በሽታ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። በእኛ ዘንድ ታይፎይድና ተቅማጥ በቆሸሸ ውሃ፣ ባልታጠበ እጅና መጭመቂያ ይተላለፋሉ። በረዶ ጀርምን አይገድልም፤ ከቆሸሸ ውሃ የተሠራ በረዶ ያው ቆሻሻ ውሃ ነው። ስለሆነም እናቶች ከመግዛታቸው በፊት ፍሬው በፊታቸው መቆረጡን፣ መጭመቂያው መታጠቡንና ገንዘብ የሚቀበለው እጅ ፍሬ አለመንካቱን ይመልከቱ። ተቆርጦ ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ፍሬም አይግዙ።

በቤት ሲዘጋጅ

የፍራፍሬ ሳህን በቤት ማዘጋጀት ለሠራተኛ እናትም ቢሆን ጊዜ አይፈጅም። አንድ የበሰለ ሙዝና ግማሽ አቮካዶ በሹካ ማድቀቅ፣ ፓፓያ ወይም ዘይቱና በትንንሹ ቆርጦ መጨመር፣ ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግ ነው። በላዩ የላመ ለውዝ መነስነስ ይቻላል። ሙሉ ለውዝና ቆሎ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ስለሚችል አይሰጣቸውም፤ ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጎጂ ነው።

ፍሬው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። እንደ አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ልጆችን ወደ ሐይቅ ዳር ወስዶ ማዝናናት፣ ፍራፍሬም መጋበዝ የሚደገፍ ነው። ሻጩን ስለ ውሃውና ስለ ስኳሩ መጠየቅ ግን ነውር የለበትም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በመስኮቱ ፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ልጅ ታቅፎ በሐኪም ቤት ደጃፍ ከመሰለፍ ያድናል።