ሞተር ሠርቶ ሰዓት የሚሸጥ ፋብሪካ

የጄት ሞተር ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ዋናውን ትርፍ ያገኙ የነበረው ከመለዋወጫ ነው። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲበላሽ አየር መንገዱ ይከስራል፤ ሠሪው ግን ዕቃ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይህን ገለበጠው። ቫይፐር የተባለውን ሞተሩን የያዘ ደንበኛ በበረረበት ሰዓት ልክ ይከፍላል፤ ጥገናውም መለዋወጫውም የኩባንያው ዕዳ ይሆናል። ኩባንያውን በ1966 ሮልስ ሮይስ ጠቀለለው፤ አሠራሩም ኋላ ወደ ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮች ተሻገረ።

እንዲህ ያለ ውል የፈረመ አምራች በድሮው የመገጣጠሚያ አዳራሹ ብቻ ሊቀጥል አይችልም። የመገጣጠሚያ መስመር ነገ ምን እንደሚመጣለት ያውቃል። የጥገና አዳራሽ ግን ሞተሩ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ ምን እንደገጠመው አያውቅም። ስለዚህ ሰፊ የመፍቻና የማጠቢያ ቦታ፣ ለተፈታው ዕቃ መደርደሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምርመራ ክፍል ይፈልጋል። እዚያ የጸዳው ብረት ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ፈሳሽ ይቀባል፤ ላዩ ላይ የቀረው ይታጠብና መብራት ጠፍቶ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይታያል። መርማሪው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይታገሣል። ከዚያ በተራ ብርሃን የማይታየው ስንጥቅ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ብልጭ ይላል። ዕቃው ይመለስ፣ ይጠገን ወይስ ይወገድ የሚለው የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው። ዱሮ ቢወገድ ሌላ ይሸጥ ነበር፤ አሁን የዳነ ዕቃ ሁሉ ለኩባንያው የተረፈ ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ንግድ ትልቁ በጎ ጎን ይኸው ነው፤ የሠራው ሰው የሥራውን ውጤት ራሱ ይሸከማል።

ሞተሩ በአየር ላይ እያለም ይታያል። ሴንሰሮች ሙቀቱን፣ ግፊቱንና ንዝረቱን ይለካሉ፤ በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ ያሉ የሮልስ ሮይስ ባለሙያዎችም መረጃውን ሌት ተቀን ይከታተላሉ። የጥገና አዳራሾቹም ወደ ደንበኛው ሄደዋል፦ በሲንጋፖርና በሆንግ ኮንግ ከዚያው ካሉ የአውሮፕላን ጥገና ድርጅቶች ጋር፣ በጀርመን አርንሽታት ደግሞ ከሉፍታንዛ የጥገና ኩባንያ ጋር በሽርክና ተተክለዋል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቦሌ የሚነሡት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች የሚበሩትም በሮልስ ሮይስ ትሬንት ኤክስ ደብሊው ቢ ሞተር ነው።

አደጋውም ያው ወደ ሠሪው ይዞራል። የሮልስ ሮይስ ትሬንት 1000 ሞተር የተርባይን ምላጮች ከታሰበው ቀድመው መበላት ሲጀምሩ፣ በዚሁ ሞተር የሚበሩ በርካታ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ቆሙ። የጥገና አዳራሾቹ ተጨናነቁ፤ ለአየር መንገዶቹ ካሳ የከፈለውም ኩባንያው ነበር። በ2020 ኮቪድ ሰማዩን ባዶ ሲያደርገው ደግሞ የሚከፈልበት የበረራ ሰዓት ራሱ ጠፋ፤ አዳራሾቹና ባለሙያዎቹ ግን ወጪያቸው አልቆመም። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሮልስ ሮይስ ቢያንስ 9,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ።