የእጅና የእግር ውርር ማለት፦ በስምጥ ሸለቆ ሊዘነጋ የማይገባው መንስኤ

«እጄን እንደ ጉንዳን ይወረኛል፤ እንደ እሾህ ጠቅ ጠቅ ያደርገኛል» የሚሉ ታካሚዎች በየጤና ተቋማቱ ይቀርባሉ። ይህ ስሜት የነርቭ ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ መንስኤው ሳይጣራ ቫይታሚን ቢ ሰጥቶ ማሰናበት ተገቢ አይደለም። የስኳር በሽታ፣ የሥጋ ደዌ፣ የአልኮል መጠጥ ማዘውተር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አይሶናያዚድ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው። በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ግን ስለ ፍሎሮሲስም ማሰብ ያስፈልጋል።

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። የካልሲየም መጠኑ አነስተኛ ስለሆነም ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ይቀራል። በብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይዱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውኃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በጥናቶቻቸው አመልክተዋል።

በዚህ በሽታ አጥንት ይወፍራል፤ ጅማቶችም ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ። የአከርካሪው ቦይ ሲጠብ የነርቭ ሥሮችና ኅብለ ሰረሰር ይጨመቃሉ። ውርር ማለቱና መደንዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቆይቶም የእግር መክበድና ሽባነት ሊከተል ይችላል።

በምርመራ ጊዜ ታካሚው የት እንደኖረና ለስንት ዓመት ምን ውኃ እንደጠጣ ይጠየቅ። አንገቱን ማዞር፣ ቁጢጥ ማለትና ጎንበስ ማለት መቻሉ ይታይ። ጥርስ ግን ያሳስታል፤ የጥርስ መበለዝ የሚከሰተው ጥርሱ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ፍሎራይድ በጠጣ ሰው ላይ ነው። ለሥራ ከደጋ የመጣ ጎልማሳ ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። በራጅ የአጥንት ጥጥር መጨመርና በክንድ አጥንቶች መካከል ያለው ሽፋን መጠጠር ምርመራውን ያግዛሉ።

የእግር መድከም፣ የጅማት ምላሽ መጨመር ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለበት። በአጥንት ውስጥ የተከማቸውን ፍሎራይድ የሚያስወግድ መድኃኒት የለም፤ ቀዶ ሕክምና ለተመረጡ ታካሚዎች ጭምቀቱን ሊያቃልል ይችላል።

ስለዚህ ዋናው መፍትሔ መከላከል ነው። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑን ያበዛዋል። የታከመ የወንዝ ውኃ፣ የዝናብ ውኃ ወይም በአጥንት ከሰል የተጣራ ውኃ የተሻለ አማራጭ ነው። አንድ ታካሚ በፍሎሮሲስ በተጠረጠረ ጊዜ ከዚያው ጉድጓድ የሚጠጡ ልጆች መኖራቸውን መጠየቅም የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።