በዲላ የሻምፒዮና ውድድር ቀን ስለ መቍረጥ

በዲላና በጌዴኦ ዞን የተማሪዎችን የሻምፒዮና ውድድር ለማሰናዳት ለሚነሣ ሰው፣ ከሜዳው ይልቅ የሚቸግረው ቀኑ ነው።

መጀመሪያ ዝናቡ አለ። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጭቃ የተጫወቱበት ሜዳ ለሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ አይመችም። ሁለተኛ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና ሲለቀም ቤተ ሰቡ ሁሉ፣ ተማሪውም ጭምር፣ በሥራ ላይ ይውላል። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ተማሪው ይበተናል። የሚተርፉት ጥርና የካቲት ናቸው። በጥር ግን ጥምቀትና ደራሮ የተባለው የጌዴኦ የምስጋና በዓል ስለሚውሉ፣ እግር ኳሱና ሩጫው በጥቂት ሳምንታት ይጨናነቃሉ።

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ እየተሰበሰቡ በአንድ ሜዳ ተጫውተዋል። ይህ ብልሃት ለደመወዝተኛ ተጫዋች ይሠራል፤ ተማሪውን ግን ቤተ ሰቡ ለለቀማ ይፈልገዋል።

እንግዲህ በለቀማ ወራት የሚደረግ ሻምፒዮና ዋንጫውን የሚሰጠው ጊዜ ለተረፈው ነው። ስለዚህ አሰናጁ የዝናቡን፣ የቡናውንና የበዓሉን ወራት አስቀድሞ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያስፍር፤ ለዝናብም ተለዋጭ ቀን ያስቀር።